ከላስ ፓልማስ ከመነሣታችን በፊት ለተጓዥ አባላት የተላከ መልእክት

የተከበራችሁ አባላት፣

በኖቬምበር መጨረሻ ላስ ፓልማስ ከምትገኝበት ከካናሪ ደሴቶች ተነሥተን አትላንቲክን በመሻገር በካሪቢያን ወደምትገኘው ወደ ሴንት ሉሲያ በሸራ ጀልባ የምናደርገው ጉዞ ወደ 2,700 የባሕር ማይል የሚጠጋ ሲሆን፣ ወቅቱን የመረጥነው የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወራት የሚያበቁበትና ከሰሜን ምሥራቅ በቋሚነት የሚነፍሰው፣ «የንግድ ነፋስ» የሚባለው ነፋስ እየጸና የሚሄድበት በመሆኑ ነው።

ነፋሱ ለሳምንታት ከኋላችን ስለሚነፍስ ጀልባዋ ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ትናወጣለች፤ በዚህም የተነሣ የሸራው ገመድ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየተፋተገ ሳናውቀው ሊበጠስ ይችላል። ከማዕበሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ስለዚህ በየማለዳው ገመዶቹን በእጃችን እየዳሰስን መመርመርና የሚፋተጉበትን ቦታ በጥቂቱ ማዛወር ይኖርብናል። የሸራው ምሰሶ ደጋፊ ሽቦዎችና የጀልባዋ አቅጣጫ የሚመራበት መሪ ከመነሻችን በፊት በባለሙያ ይፈተሻሉ።

መንገዱ 20 ቀን ያህል እንደሚወስድ ብንገምትም የመጠጥ ውሃ የምንይዘው ለ30 ቀን ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ሲታሰብ ለአምስታችን 450 ሊትር ይሆናል። አንዱ ማጠራቀሚያ ቢበከል ሁሉንም እንዳናጣ ውሃው ተከፋፍሎ ይቀመጣል።

የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው የደህንነት ቀበቶውን ከጀልባዋ ጋር ሳያያይዝ ወደ ላይኛው ወለል እንዳይወጣ አደራ እላለሁ፤ በጨለማ ባሕር ላይ የወደቀን ሰው ፈልጎ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነውና።

በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ አባላት እስከ ዓርብ ድረስ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።