ቢጫው የት ላይ ያበቃል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሱሉልታ ሜዳ፣ በገፈርሳ ዙሪያና በደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ሣር ላይ የምትውል፣ ጉሮሮዋ ብርቱካናማ ቢጫ የሆነ ወፍ አለች። የሳይንስ ስሟ ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አትገኝም። ሆኖም ብዙ ጀማሪ ተመልካቾች ከአውሮፓና ከእስያ ከምትመጣው፣ ጭራዋን ከምትወዘውዘው ቢጫ ስደተኛ ወፍ ጋር ያምታቷታል።

ስህተቱ የሚመጣው ቢጫ ቀለም እንደታየ ስም ስለሚሰጥ ነው። መታየት ያለበት ቢጫው የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። የኛዋ ወፍ ቢጫዋ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል፤ ከሥሩ ጥቁር ማተብ የመሰለ መስመር ይዞረዋል፤ ከዚያ በታች ሆዷ ፈዛዛ ቡናማ ነው። የስደተኛዋ ቢጫ ግን ከደረት እስከ ጭራ ሥር ይወርዳል፣ ማተቡም የላትም። ሰውነቷ ቀጭን፣ ጭራዋ ረጅም ነው፤ በከብት እግር ሥር እየሮጠች ነፍሳት ትለቅማለች። ወሩም ይለያቸዋል፦ ስደተኛዋ ከመስከረም ገደማ እስከ ሚያዝያ ነው የምትቆየው፤ በሐምሌ ጭጋግ ሜዳው ላይ ያያችኋት እሷ ልትሆን አትችልም።

ከባዱ ወፏ ጀርባዋን ስትሰጥ ነው። ጀርባዋ የደረቀ ሣር ቀለም ያለውና በጥቁር ሰረዝ የተሞላ ስለሆነ ከሌሎቹ ቡናማ የሜዳ ወፎች ለመለየት ያስቸግራል። ያኔ ስም ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ድንጋይ ወይም የሣር ጉብታ ላይ ወጥታ እስክትዞር ጠብቁ። ከተነሳችም ጭራዋን እዩ፤ ነጩ ያለው በጭራዋ ዳርና ዳር ጫፍ ላይ ነው። የጫጩቷ ማተብ ገና ደብዛዛ ነው፣ ጉሮሮዋም ይገረጣል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ስም የምትቀረው እሷ ናት። ስምንት ጊዜ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው የምትሠራው። አንዲት ወፍ እየጮኸች ከዙሪያችሁ አልርቅ ካለች በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ውሻም አታስከትሉ። ሜዳው እየታረሰና ከመጠን በላይ እየተጋጠ በመሄዱ ወፏ በዓለም አቀፉ የዝርያዎች መዝገብ ለአደጋ ከቀረቡት ተርታ ገብታለች፤ ስለዚህ በስሟ የሚመዘገበው እሷው ራሷ መሆኗ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለን፦ የወፍ ፎቶ ስታትሙ የተነሳበትን ቦታና ወር ከሥሩ ጻፉልን።