ደቻቱ አሸዋ ላይ ስለሚተኙት ውሾች፦ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ለክረምቱ አንድ የታጠረ ግቢ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ስለ ውሻ ነው። ገና ይህን ሲያነብ ፈገግ የሚል ሰው እንዳለ ይታወቀኛል። ዘይትና ሽንኩርት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ውሻ? አዎ፣ ውሻ። ትንሽ ይታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሰው ጋ ነው የሚደርሰው።

የምኖረው ደቻቱ ዳር ነው። እርስዎም እንደሚያውቁት ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው። ቀን ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ማታ የውሾች ነው። የድሬ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያጋለው አሸዋ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን አይለቅም። ጎድጎድ አድርገው ይቆፍሩና አፍንጫቸውን ጅራታቸው ሥር ደብቀው ይተኛሉ። በበጋ ከዚህ የሚሻል አልጋ የላቸውም።

ክረምት ሲገባ ያው አልጋ ወጥመድ ይሆናል። በሌላ አገር የመንገድ ውሻን የሚጨርሰው ብርድና በረዶ ነው፤ የኛዎቹን ግን ጎርፍ ነው። ዝናቡ ደግሞ የግድ እዚህ መዝነብ የለበትም። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰዉ በረንዳው ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን እየቃመ፣ በደንገጎ በኩል ተራራው ከጠቆረ ነገር አለ ማለት ነው። ጎርፉ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ቁልቁለት ሲወርድ ዓይነት ድምፅ አለው። ሰው ድምፁን ስለሚያውቀው ይሮጣል። ትልልቁም ውሻ ይሮጣል። ቡችላ የት ይሮጣል?

የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ የሆነውን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ነው ያጣነው። ከዚያ በኋላ የወንዙ ዳር በግንብ ተጠናከረ። ደግ ተደረገ፤ ዛሬ ክረምት ክረምት እንቅልፍ የሚወስደኝ በሱ ነው። ውሻ ግን ደረጃ ባለበት በኩል ካልሆነ ግንቡን አይወጣውም። ደረጃው ከራቀበት እየቧጠጠ ይቀራል። ውሾቹን ከጎርፍ የማውጣቱን ሥራ የጀመርነውም ያንን የቧጠጣ ድምፅ ሰምተን ነው። አንዴ የሰማው ሰው ቶሎ አይረሳውም።

ባለፈው ነሐሴ የሆነውን ልንገርዎ። አመሻሽ ላይ ነው። አንዲት ጥቁር ውሻ ድልድዩ ሥር፣ አንድ ሰው በጣለው የማካሮኒ ካርቶን ውስጥ አምስት ቡችላ ወልዳ ነበር። እንዴት እንዳወቀች እንጃ፣ ድምፁ ለኛ ሳይሰማ እሷ ልጆቿን ማመላለስ ጀመረች። አንዱን በማጅራቱ ነክሳ ደረጃውን ትወጣለች፣ ጫት ሻጯ እግር ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ትመለሳለች። ሁለተኛውን አመጣች። ሦስተኛውን አመጣች። ጫት ሻጯ ጆንያዋን ሰብስባ ለቡችሎቹ ቦታ ለቀቀችላቸው። አራተኛውን ልታመጣ ስትወርድ ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ። አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ሰው ሁሉ “ተው! ተው አቦ!” እያለው ዘሎ ወረደ። ሁለቱን ከነካርቶናቸው ታቅፎ፣ ውሻዋን ከኋላው አስከትሎ ሲወጣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ ነበር። የአንድ እግር ሸበጡን ደቻቱ ወሰደው። እስከ ዛሬ “ሸበጤን ክፈሉኝ” ይለናል።

አወጣናቸው። ከዚያስ? ደብዳቤዬ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስለዚህች “ከዚያስ” ነው።

ያን ማታ የወሰድናቸው ከዚራ፣ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባታችን ሰርቪስ ቤት ነው። ሽርጣቸውን ፈትተው አንድ በአንድ አደረቋቸው። ባቡር ያሳደገው ሰው ፈረንሳይኛው እስከ ዛሬ አፉ ላይ ነው፤ እናቲቱን “ቪያን! ቪያን!” እያሉ ጠሯት፣ ነይ ማለታቸው ነው። ሰፈሩ ስሟ መሰለው። አሁን ልጅ አዋቂው “ቪያን” ይላታል፣ እሷም አቤት ትላለች።

ሥራውን የምንሠራው አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ጡረተኛው አባታችንና አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ። ጎረቤቴ ውሻ አትነካም። ልብሷን ቢነካት ታጥባለች፣ ደጃፏንም አታስረግጥም። ግን በየማታው የተረፈውን ሩዝና አጥንት በአሮጌ የወተት ጣሳ አድርጋ ከአጥሯ ውጭ ታስቀምጣለች። ውሻ አጠጥቶ ኃጢአቱ የተማረለትን ሰው ታሪክ ያጫወተችኝም እሷ ናት። እኛም ብንሆን ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ ስትባረር እያየን ነው ያደግነው። እና ውሻን እቤት ማስገባት ላይ የድሬ ሰው ሁሉ ይስማማል ማለት ይቻላል፤ አይገባም። ውጭ ማሳደር ላይ ነው የቸገረን።

ያወጣናቸውን ውሾች የምንሰጠው ለመጋዘን ዘበኞች፣ ለጋራዦች፣ ሳቢያን አካባቢ ግቢ ላላቸው ሰዎች፣ አንዳንዴም በመልካ ጀብዱ በኩል ፍየል ለሚጠብቁ ነው። ወንድ ቡችላ ተሻምተው ይወስዳሉ። ሴቷን “ትወልድብናለች” ብለው ይተዋሉ። እውነታቸውን ነው፤ ውሻ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፣ አምስት ስድስት ነው የምትወልደው። የተረፉት ሴት ቡችሎች በማዳበሪያ ከረጢት ሆነው ማታ ደቻቱ ይጣላሉ። ስለዚህ ደቻቱ ላይ የምናገኘው አብዛኛው ሴት ነው፣ እሷም አድጋ እዚያው ትወልዳለች። ይህ ዙር ካልተሰበረ እኛ በባልዲ ባሕር እየቀዳን ነው።

ውሻ እፈልጋለሁ የሚል ሁሉ ውሻ ይወዳል ማለትም አይደለም። አንዱ ሁለት ወስዶ በሽቦ አስሯቸው አገኘን፤ ተጣልተን መልሰን ወሰድናቸው። አሁን ከመስጠታችን በፊት ጥላና ውሃ መኖሩን ሄደን እናያለን። የድሬን ግንቦት ጥላ በሌለበት ታስሮ መዋል እንኳን ለውሻ ለድንጋይም ይከብዳል። አንድ ቡችላ ደግሞ ሐረር ላሉ ዘመዶቼ ሰጥቼ፣ ማታ ማታ በር እንዲዘጉበት ስለምናቸው ስቀውብኛል። ሐረር ጅብ እንደ እንግዳ በየቅያሱ የሚዘዋወርበት ከተማ ነው፤ ለሰው ለምዷል፣ ለውሻ ግን አልለመደም።

ክቡር ከንቲባ፣ አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ።

አቻምና የሰፈራችንን አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ውሻ ነከሰው። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣና ውሻውን በድንጋይ ገደለው። ማንም አልወቀሳቸውም፣ እኔም አልወቀስኩም። ማታ ግን የልጁ እናት “ውሻው ታሞ ነበር ወይ?” ስትል የሚመልስላት ጠፋ። የሚያውቀው ሞቷል። የነከሰ ውሻ ሳይገደል ተይዞ 10 ቀን ቢታይ፣ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰ ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ያኔ የጤና ባለሙያው ልጁ የጀመረውን ክትባት ሊያቋርጥለት ይችላል። እናቲቱ ግን ክትባቱን እስኪያልቅ ለማስወጋት ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው፣ አንዴ “አለ” አንዴ “አልቋል” እየተባለች ተንከራተተች። ልጁ ዛሬ ደህና ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያጠበችለት ያቺው ውሻ የማትነካዋ ጎረቤቴ ናት፤ እኔ ምስጋናዬ ለሷ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በያመቱ 59,000 ገደማ ሰው ይገድላል ይላል፤ ሰው ላይ ከሚታየው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። አብደዋል ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። መፍትሔውም ይታወቃል፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የተከተበች ውሻ ማለት ለሰፈሩ አጥር ናት።

እኛ ያንን አጥር ራሳችን እናፈርሰዋለን። አንድ ሌሊት ሰፈራችን መርዝ የተቀባ ሥጋ ተጣለ። ማን እንደጣለው ልከስ አልመጣሁም፤ ሕፃናት ተነክሰውበት የተማረረ ሰውም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ስንነሳ ሰባት ውሻ መንገዱ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተገኘ። ከሰባቱ ሦስቱ አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ነበራቸው። ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እርስ በርስ አዋጥተን ያስከተብናቸው መሆናቸው እንዲታወቅ። “ደመ ከልብ” የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፣ ያን ጠዋት ነው የገባኝ።

ወር አልሞላም፣ ሌሎች ውሾች መጡ። ቀፊራ ገበያ የሚጣለው ትርፍራፊ እዚያው ነው፣ ሥጋ ቤቱ የሚወረውረው አጥንት እዚያው ነው፤ የሚበላ እስካለ ቦታው ባዶ አይቀርም። የመጡት ግን ያልተከተቡ ናቸው። ሰፈሩን አያውቁም፣ ልጁን ከሌባው አይለዩም። መርዙ ሦስት የተከተቡ ወስዶ ዘጠኝ ያልተከተቡ አመጣልን። ሒሳቡን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ይህን ሁሉ ማመልከቻ አድርጌ አንድ ቢሮ ይዤ ሄጄ ነበር። “ውሻ እንስሳ ነው፣ ወደ እንስሳት ሂጂ” አሉኝ። እዚያ ስሄድ “በሽታ ካልሽ የጤና ነው” ተባለ። ጤና ያልኩት ጋ “የወደቀውን ማንሳት ከሆነ የጽዳት ነው” አሉ። ጽዳት ጋ የተቀመጠው ልጅ ትሁት ነበር፤ ውሃ ጋበዘኝና “እህቴ፣ በሕይወት ያለውን እኛ አናነሳም” አለኝ። እንግዲህ ከሁሉም በላይ ያለው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

ገንዘብ አልጠየቅሁም። የምጠይቀው ከሰኔ እስከ መስከረም የምንጠቀምበት አንድ የታጠረ ግቢ ነው። አሮጌ መጋዘን ይሁን፣ የተዘጋ የቀበሌ ግቢ ይሁን፣ ከጎርፉ መንገድ ይራቅ እንጂ አናማርጥም። ሦስት ክፍል ቢኖረው ደስ ይለናል። አንዱ ለነባሮቹ፣ አንዱ አዲስ ለሚገቡት፤ ባለፈው ክረምት አንድ የታመመ ቡችላ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለን ፓርቮ የሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ ገባብንና በሳምንት ውስጥ አራት ቀበርን። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ተምረንበታል። ሦስተኛው ክፍል የእርስዎ ነው፤ ሰው የነከሰ ውሻ 10 ቀን የሚታይበት። ለዚያ ክፍል ጠንካራ በርና ሥራውን የሚያውቅ፣ ራሱም የተከተበ ሰው ያስፈልጋል። እሱን እኛ አንችልም፣ አስተዳደሩ ይችላል።

ምግቡን እኛ እንችለዋለን። ሁለት ሆቴሎች ትርፍራፊያቸውን በባልዲ ሊሰጡን ተስማምተዋል፣ ባጃጁም አለ። በሳምንት አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪም ቢመደብልን፣ ክትባቱም ቢገኝልን፣ ከሦስት ወር በላይ የሆነውን ሁሉ ይዘን እናስከትባለን። ሴቶቹን ለማምከን ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዳገቱን ወጥተን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። እጁን በሥራ ማፍታታት የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም። እኔ ብጽፍላቸው የአንዲት ሴት ወረቀት ነው፤ የእርስዎ ማኅተም ካረፈበት ግን መልስ ያገኛል። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ነው። ለዚያን ቀን የደቻቱን ዳር ውሾች አስከትበን ብንቆጥርልዎ ደስ ይለናል።

እስከዚያው አንዲት ትእዛዝ ብቻ ይስጡልን፤ በዚህ ክረምት መርዝ እንዳይጣል። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያለው ውሻ የተከተበ መሆኑን ለየቀበሌው ይንገሩልን።

ዛሬ ግንቦት 22 ነው። ቪያን እንደገና አርግዛለች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። የጡረተኛው አባታችን ሰርቪስ ደግሞ ተከራይቷል፤ እሳቸውም የሚኖሩት በሱ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ትናንት ማታ ደንገጎ ጠቁሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ሥር ስመለከት ጎድጓዷን ቆፍራ ጨርሳለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንዲት የደቻቱ ዳር ነዋሪ