አትጭመቀው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፦

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከአፍንጫህ ሥር ብጉንጅ እንደወጣብህ፣ አንተም በጣትህ እየጨመቅህ ከጓደኛህ የተረፈ አሞክሳሲሊን እንደምትውጥ እህትህ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። አትጭመቀው!

የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። በላቦራቶሪ ዕድሜዬን ሙሉ የማየው ባክቴሪያ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሐምራዊ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ተከማችቶ ይታያል፤ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ስንጨምረው ፕላዝማውን በሰዓታት ውስጥ ያረጋዋል። ከሦስት ሰው አንዱ ያህል በአፍንጫው ይዞት ሳይታመም ይኖራል፤ ስለዚህ ንጽሕና ጎደለህ ብዬ አልወቅስህም። ችግሩ መላጫ በቆረጠው፣ ጥፍር በቧጨረው ቆዳ በኩል ሲገባ ነው። ሰውነትህ መግሉን ዙሪያውን ከቦ ይዞልሃል። ስትጨምቀው ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ።

በፎቶግራፍ ብቻ የምታውቀው ታላቅ ወንድሜ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ የወጣችበትን ብጉንጅ ሠርግ ሊሄድ ሲል አፈረጣት። በማግስቱ ዐይኑ አበጠ፤ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። የአፍንጫና የላይኛው ከንፈር ደም ሥሮች ከራስ ቅል ውስጥ ካሉት ጋር እንደሚገናኙ ከቤታችን ማን ያውቃል? ሐኪም ቤት ስናደርሰው ሰው አይለይም ነበር። ለሠርጉ የተተኮሰውን ሸሚዝ አያትህ እስክትሞት ድረስ ከሣጥኗ አላወጣችውም። እኔም ይህን ሙያ የመረጥሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አሞክሳሲሊኑን አቁም። አብዛኛው ስታፊሎኮከስ መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም አለው። ያንን ኢንዛይም እንዲቋቋም የተሠራው ሜቲሲሊን እንኳ ሥራ ላይ በዋለ በአጭር ጊዜ፣ በ1961 እ.ኤ.አ.፣ የማይበገርለት ዝርያ እንግሊዝ አገር ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። መድኃኒቱን ሐኪም ይምረጥልህ፤ መግሉ እንዲመረመርም ጠይቅ።

እስከዚያው ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክረህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያዝበት። አትጭመቀው እንጂ! ፎጣና መላጫህን ለማንም አታውስ፤ ባክቴሪያው በደረቅ ጨርቅ ላይ ለቀናት ይቆያል። የትራስ ልብስህን በሙቅ ውሃ እጠብ። እስክትድን ለጓደኞችህ ምግብ አትሥራ፤ ምግብ ላይ የሚተወው መርዝ ተቀቅሎም አይጠፋም።

ነገ ጠዋት ፈተናም ቢኖርብህ ክሊኒክ ሂድ። ዐይንህ ካበጠ ወይም ራስህን አጥብቆ ካመመህ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግባ። ገንዘብ በባንክ ልኬልሃለሁ። ከሐኪሙ ስትወጣ ደውልልኝ፤ እጅህንም ከፊትህ ላይ አንሣ።

እናትህ