ይድረስ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር እና ለትምህርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ሙዚቃን በማኅበራዊ ሚዲያ ስለማስተማር

ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡራን ኃላፊዎች።

ደብዳቤውን ለሁለት መሥሪያ ቤት የጻፍኩት አንዱ ወደ ሌላው እንዳይመራኝ ብዬ ነው። ሙዚቃው የባህል ነው፤ ትምህርቱ የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ተማሪው ደግሞ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ቲክቶክ ያያል።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ገብቷል። ሙዚቃም እዚያ ውስጥ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳላመሰግን አላልፍም። ጥያቄዬ ማን ያስተምረው የሚል ነው። በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ትምህርቱ የተሰጠው ክፍለ ጊዜ ላነሰው መምህር ነው። ሰውየው ጎበዝ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ክራር ግን ነክተው አያውቁም። የክራር ሥዕል ሰሌዳ ላይ ይስላሉ፤ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል። ፈተና ላይ ‹‹ክራር ስንት ክር አለው?›› የሚል ጥያቄ ይመጣል። (መልሱ ራሱ ያከራክራል፤ ባለ አምስትም ባለ ስድስትም ክራር አለ።) በቃ፣ ሙዚቃ ተማሩ ማለት ነው።

መምህሩን አልወቅስም። ሙዚቃን በጠመኔ ማስተማር ለማንም ይከብዳል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስልቶች) ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ከሙሉ ትዝታ ወደ ግማሽ ትዝታ ለመሄድ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ ግራ ይገባዋል። ክራር የያዘ ሰው ሁለቱን ክሮች ላላ ላላ አድርጎ ሲመታቸው ግን የአምስተኛ ክፍል ልጅ እንኳ ‹‹እንዴ፣ አዘነ እኮ!›› ይላል። ለዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቲክቶክ ደግሞ የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነት አንድ ደቂቃ ነው።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይኼን ነው። ብዙ ተከታይ ያላቸው ገጾች አሏችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገጽ በአብዛኛው የስብሰባ ፎቶ፣ ባነርና ‹‹ክቡር ሚኒስትሩ እንደገለጹት›› ይበዛበታል። ይሁን፣ እሱም ይቀጥል። ግን በሳምንት አንድ ቀን ለክራር፣ ለማሲንቆ፣ ለዋሽንት፣ ለከበሮ ስጡ። ትምህርቱን ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራንና ከአዝማሪዎቹ ጋር አዘጋጁት። አዝማሪዎቹን ደግሞ ለማድመቂያ ብቻ አትጥሯቸው። ማሲንቆ እንዴት እንደሚገዘገዝ፣ ግጥም ቆሞ እንዴት እንደሚፈጠር ከእነሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። አስተማሪ ናቸውና እንደ አስተማሪ ይከፈላቸው።

‹‹በስልክ ትምህርት አይሆንም›› የሚል ካለ 2012 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጥሎ ነበር። ሒሳብን ያህል ነገር በቴሌግራም ከተላከ ክራር ምን በደለ?

ሰዎች በግላቸው ጀምረውታል። ዩቲዩብ ላይ የክራርና የበገና ትምህርት የሚሰጡ ወጣቶች አሉ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገ ልጅ አጠገቡ አስተማሪ ስለሌለው ከእነሱ ይማራል። በተለይ የበገናው ነገር ይገርመኛል። ዓለሙ አጋ በገና ያስተምሩ የነበሩት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበር፤ በደርግ ዘመን ትምህርቱ እዚያ ቆመ። ዛሬ ባለ አሥር ክሩን በገና የሚደረድሩ ወጣቶች በየቦታው አሉ። ይህን ያመጡት መምህራኑ በየግላቸው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ወላጆች ናቸው። (የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የሚያልቁ አይደሉም።)

የግለሰቦቹ ችግር ወጥነት ማጣት ነው። አንዱ ባቲ ብሎ የሚያስተምረውን ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል። አንዱ ድርደራ (ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት መምታት) ያስተምርና ግርፉን (ክሮቹን አንድ ላይ መምታት) ሳይነካ ቻናሉ ይቆማል። የመሥሪያ ቤት ድጋፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቻናል ከመክፈት በፊት ጥሩ የሚሠሩትን ፈልጋችሁ ሼር አድርጉላቸው፤ መምህራንም እንዲጠቀሙባቸው ንገሩ። ይህ በጀት እንኳ አይጠይቅም።

ማስተዋወቅን በተመለከተ ደግሞ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ሳታውቁት አትቀሩም። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ አሜሪካ ቀርተው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር። የአፍሪካ ካሴቶችን በኢንተርኔት የሚያስተዋውቅ አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ላይ የድሮ ካሴታቸውን አገኘ። ፈልጎ አገኛቸው፣ ተስማሙ፣ ሙዚቃው በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። ካሴቱ ሲሸጥ የነበረው እዚሁ እኛው አገር ነው። እኛም በየሱቁ እናልፈው ነበር።

ሌላዋ ምሳሌ መነኩሲቷ የፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር የታተመው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ወጣት የፒያኖ ሥራቸውን ያወቀው ግን ከአሥርት ዓመታት በኋላ በኢንተርኔት ነው። በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽን ዕድሉን ያላገኙ ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ለመደገፍ ነው። ሙዚቃው ሲደመጥ ልጅ ይማርበታል፤ እኔም የምለው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው።

ስለዚህ የቆዩ ቅጂዎችን ስትለጥፉ ስም አትርሱ። ድምፃዊው ብቻ አይበቃም፤ የግጥሙና የዜማው ባለቤት፣ አቀናባሪው፣ ባንዱ፣ ከተቻለም ቅኝቱ ይጻፍ። አሁን ቲክቶክ ላይ አንድ የድሮ ዘፈን በአንድ ሺህ ቪዲዮ ጀርባ ይሰማል፤ ማን እንደሠራው የሚያውቅ ግን የለም። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ካለን ቆይቷል። ከባለመብቶቹ ፈቃድ ጠይቆ፣ ስማቸውን ጠርቶ መለጠፍ ሕጉንም ማስተማር ነው። መንግሥት ራሱ ሳይጠይቅ ከለጠፈ ግን ሌላውን በምን አፉ ይከሳል?

የመጨረሻው የዳታ ነገር ነው። ገጠር ያለ መምህር ከባድ ቪዲዮ ማውረድ ላይችል ይችላል። ትምህርቱን በትንሽ መጠን ቴሌግራም ላይ ጫኑት፤ ድምፁን ብቻ የያዘ ፋይልም ለብቻው ይኑር። መምህሩ ከተማ ሲወጣ ያወርደዋል፣ ክፍል ውስጥ በስፒከር ያሰማዋል። ቪዲዮው ፊት ላይ የሁለት ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር አትጨምሩበት፣ አደራ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር
ክራር ለሚያስተምሩ የዩቲዩብና የቲክቶክ ልጆች በሙሉ