ለምለም ዛፍ ቅጠሉ ይረግፋል? የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮ ሥራችን በክርክር ነው የተጀመረው። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ «ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሆነ ዛፍ ቅጠሉ አይረግፍም» አለ። ግማሹ ክበብ ደገፈው። እኔ ዝም አልኩና ወደ አጥሩ ጥግ ላክኋቸው።

ትምህርት ቤታችን እንጦጦ ግርጌ ስለሆነ ዛፍ አልቸገረንም። የሐበሻ ጽድ፣ ወይራና ባሕር ዛፍ እዚያው ግቢ አሉ። ልጆቹ የወይራውና የባሕር ዛፉ ቅጠሎች ላይ ባለቀለም ክር አሰሩ። ጽዱ ግን አስቸገረ። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የተጣበቀች ደቃቅ ነገር ናት፤ ክር የት ይታሰርባታል? የሚረግፈውን እንዲይዝ ከሥሩ የማዳበሪያ ጆንያ ዘረጉ።

ዓርብ ዓርብ እየሄዱ ያያሉ። ጆንያው ላይ ሁልጊዜ የሚጠረግ አይጠፋም። ክር የታሰረባቸው ቅጠሎችም አንዳንዶቹ ወደቁ። ዛፎቹ ግን አንድም ቀን አልተራቆቱም። የሚያረግፉት በጥቂት በጥቂቱ ነዋ፤ አሮጌው ሲወድቅ አዲሱ ቀድሞ ወጥቷል። ጃካራንዳው ግን ቅጠሉን አራግፎ በሐምራዊ አበባ ብቻ ቆመ። ልዩነቱን ከእኔ ገለጻ ይልቅ እሱ አስረዳቸው።

ክርክሩን የዘጋችው ግን አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ባይረግፍ ከየት ትለቅማለች?» አለች። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች በየቀኑ እያየን ማንኛችንም አላሰብነውም።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ በመሆኑ «የእኛ ስላልሆነ አይቆጠር» ያሉም ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። የመጣው አዲስ አበባ ማገዶ ስለቸገራት ነው፤ ቅጠሉም በጋ ከክረምት አረንጓዴ ነው። ሌላ ሣር ቅጠል ከሥሩ እንደ ልብ አያበቅልም የሚለው ወቀሳ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

በበጋ እንዴት አይደርቁም ለሚለው የወይራ ቅጠል ዳሰስን። ጠንካራና ወፍራም ነው፤ ላዩ ሰም የተቀባ ይመስላል። ውሃው ቶሎ አይተንበትም።

ችግኞቻችንስ? ሐምሌ ላይ ከተከልናቸው ጽዶቹ ደህና ናቸው። ወይራዎቹን የሰፈር ፍየሎች ጨረሷቸው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ልጆቹ በጀሪካን ከየቤታቸው እያመጡ አጠጥተዋል፤ ወላጆችን እናመሰግናለን። ለሚቀጥለው ዓመት ከአስተዳደሩ የጠየቅነው የሽቦ አጥርና አንድ የውሃ ታንከር ነው። አጥሩ ይቅደም።