ያቺ የሰጠኸኝ ራም

ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? አብሽር፣ አለሁ። ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብር ልበደር የመጣሁ መስሎህ እንዳትደነግጥ። ተቀይሜህም አይደለም፣ ስንፍና ነው። አንድ የምጠይቅህ ነገር አለኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ።

አሁንም ኮምቦልቻ ነኝ። እማዬም ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ እዚያው ቤት ናት። «ያ ልጅ የት ገባ?» ትለኛለች፣ ስላንተ። ሊኑክስ የጫንክልኝ አሮጌ ዴስክቶፕም አለ።

ከወር በፊት ከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ ራሴ ኮምፓይል ላድርገው፣ ማለትም ከተጻፈው ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ልቀይረው ብዬ ተነሳሁ። የማልጠቀምበትን ድራይቨር (ዕቃ ማንቀሳቀሻ ኮድ) ሁሉ አውጥቼ ለዚህ ሽማግሌ ማሽን ቀለል ያለ ልሠራለት ነው። ታውቀኛለህ፣ ደህና የሚሠራ ነገር ካልነካካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኮምፓይሉን ስምንት ሥራ ጎን ለጎን እንዲሠራ አድርጌ አስጀመርኩት። ብዙም ሳይቆይ ኮምፓይለሩ ተገድሎ ቆመ። ይኼኛው እንኳ ቀላል ነበር። ያለኝ ራም፣ ማሽኑ እየሠራበት ያለውን የሚይዝበት ሚሞሪ፣ 4 ጊጋ ነው፣ ብሮውዘሩም ተከፍቷል። ሚሞሪ ሲያልቅ ሲስተሙ ራሱን ለማዳን በላተኛውን ፕሮግራም መርጦ በሲግናል 9፣ እምቢ በማይባለው «ሙት» ትእዛዝ፣ ይገድለዋል፤ ሎጉ ላይም ተጽፎ አገኘሁት። ወደ ሁለት ሥራ ዝቅ አደረግኩት፣ ስዋፕ (ከዲስክ የሚበደሩት ሚሞሪ) ጨመርኩ፣ በቃ አልኩ።

ምን በቃ! ደግሞ «ሴግመንቴሽን ፎልት»፣ ሲግናል 11፤ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን የሚሞሪ ቦታ ነካ ማለት ነው። መጀመሪያ የፋይል ሲስተም ኮድ ላይ ወደቀ። ምንም ሳልነካ መልሼ ሳስነሳው እዚያ ጋ በሰላም አለፈና ኔትወርኩ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ሌላ ቦታ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። ጥፋቱ የኮዱ ቢሆን ሁሌ እዚያው መስመር ላይ ይሰናከላል። ቦታ ከቀያየረ ዕቃው ነው የታመመው። እኔ ግን በሌሊት ጥቅል ከ100 ሜጋ በላይ የሆነውን የከርነሉን ሶርስ ኮድ እንደገና አወረድኩ፣ ኮምፓይለር ቀየርኩ፣ የማላውቀውን ሁሉ ሞከርኩ።

ቀጥሎ ሙቀት ነው አልኩ። የኮምቦልቻን ቀትር ታውቀዋለህ። ፋኑን ስፈታው የወጣው አቧራ ጋቢ ይወጣዋል። አሁንም ያው። ሲጨንቀኝ የኮምፒውተሩን ሳጥን በነጠላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ የዕቃ ሂሳብ ጨምር አለኝ፣ ጉልበቴ ላይ ታቅፌው! ደሴ ስገባ ጦሳ በጉም ተሸፍኗል፣ ጃኬት የሚያስለብስ ብርድ። የእማዬን ቴሌቪዥን እስክሪን አድርጌ አስነሳሁት። ድራማዋ አምልጧት ተቆጣችኝ። በዚያ ብርድም ሲግናል 11።

ያን ሌሊት ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስትን በፍላሽ አስነስቼ ተኛሁ። መብራት ሄዶ አቋረጠኝ፤ በማግስቱ ደገምኩት። ከሁለቱ ራሞች አንዷን ነቅዬ ብቻዋን፣ ከዚያ ሌላኛዋን። አንዷ ንጹህ ናት። ሌላኛዋ ስትገባ እስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ። ነቅዬ እግሯን በላጲስ አሸሁት፣ ቀዳዳም ቀየርኩላት፣ ምንም። ገልበጥ ሳደርጋት በቀይ እስክሪብቶ የጻፍክበት የስምህ ፊደል አለ። ስትሄድ «ማስታወሻ ትሁንህ» ብለህ የሰጠኸኝ ናት!

ሌላ ጊዜ እንዴት ዝም አለች ብትል፣ ፊልም ስታይ አንዲት ቢት (ዜሮ ወይም አንድ) ብትገለበጥ የአንዲት ነጥብ ቀለም ይቀየራል፣ ማን ያያታል? ኮምፓይለር ግን ራሙን የሚሞላው እርስ በርስ በሚጠቋቆሙ አድራሻዎች ነው። አንዷ ቢት ከተገለበጠች የሌለ ቦታ ሄዶ ያንኳኳል፣ ከርነሉም በሲግናል 11 ያባርረዋል።

ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ጣላት ነው የምለው፤ አንዴ የተበላሸች ራም አትታመንም። ያንተን ግን እጄ እምቢ አለ። ደግነቱ የተበላሸው ጠባብ ቦታ ነው። ሜምቴስት አድራሻውን ግራብ (ማሽኑ ሲበራ ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) በሚያነበው መልክ አወጣልኝ፣ እሱን ግራብ ላይ ጻፍኩና ከርነሉ ያንን ቦታ እንዳይነካ ተደረገ። ትናንት ማታ ኮምፓይሉ ሳይወድቅ አለቀ። ይህንንም የምጽፍልህ በዚያው ከርነል ተነስቼ ነው።

አሁን ጥያቄዬ። አንተ ጋ እያለች ፕሮጀክታችን ሊቀርብ ዋዜማ ኮምፒውተርህ ድንገት ደርቆ፣ «አንተ ነህ የነካካኸው» ብለህ ሳምንት ሙሉ አኩርፈኸኝ አልነበር? ያኔም እሷ ትሆን እንዴ?

መልስህን እጠብቃለሁ። ደሴ ብቅ ካልክ እማዬ ጋ እንገናኝ፣ ቡናው ከሷ።

ያንተው፣ ያለጥፋቱ የተኮረፈው