ገለጻው ለምን በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ውጭ አገር ስለሚማሩ ተማሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ቪዛና ስለ ክፍያ በደንብ ተብሏል። ከደረሱ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን አንድም ቃል የለም።

እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በሰው አገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ገለጻ ተደረገልን፤ ካርታ፣ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ»። ያኔ ሁላችንም ደስ ብሎናል። እኔን የከበደኝ በስምንተኛው ወር ነው። በውይይት ክፍለ ጊዜ ካልተጠየቅኩ አልናገርም፤ ለመምህሩ አክብሮት መሆኑ ነው። እሱ ደግሞ ሳላነብ የምመጣ መስሎታል። ይህን ያወቅኩት ውጤቴ ላይ «ተሳትፎ ደካማ» የሚል ሳይ ነው። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ለነገሩ እኔም አልጠየቅኩም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኖርዌያዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ስቬሬ ሊስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጥናት፣ ፉልብራይት በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርትና የልውውጥ ዕድል አሜሪካ የቆዩ 200 ያህል የአገሩን ሰዎች ተመልክቷል። ከ6 ወር በታች የቆዩት ደህና ነበሩ። ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት ተቸግረዋል። ከዚያ በላይ የቆዩት እንደገና ተመችቷቸዋል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉም ሰው በዚህ መስመር እንደማይሄድ አሳይተዋል፤ አንዳንዱ ገና ከመጀመሪያው ቀን ይጨንቀዋል። የሊስጎርድ መስመር ግን ቁጭ እኔን ነው!

ስለዚህ ገለጻው በስድስተኛው ወር ይደገም። መምህራኑም አብረው ይቀመጡ። «ዝምታ» ለማን ምን ማለት እንደሆነ እነሱም ቢሰሙት አይከፋም።

አንድ የቀድሞ ተማሪ